ያገለገለ የአልሙኒየም ጀልባ ከመግዛታችን በፊት

(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ ለዓሣ አስጋሪ ማኅበራት አባላትና ለተጋባዥ እንግዶች የቀረበ ንግግር)

በዚህ በዓል ላይ ስለ ጤፍና ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ ወተትና ስለ ብድር ብዙ ተነግሯል። እኔ እንድናገር የተጠየቅሁት ግን ስለ ጀልባ ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው። በጣና ዙሪያ ያሉ መሠረታዊ ማኅበሮቻችን ያገለገለ የአልሙኒየም ጀልባ ለመግዛት እያሰቡ ይገኛሉ። ገንዘቡ የአባላት ዕጣና ቁጠባ ነው። ጀልባው ላይ የሚሳፈሩት ደግሞ የእኛው ልጆችና ወንድሞች ናቸው። ስለዚህ ጉዳዩ በአንድ ጊዜ የገንዘብም የሕይወትም ጉዳይ በመሆኑ በጥሞና ልንነጋገርበት ይገባል።

እዚህ ከተቀመጣችሁት አብዛኞቻችሁ በሬ ገዝታችሁ ታውቃላችሁ። ገበሬ በሬ ሲገዛ የሻጩን አፍ ብቻ ሰምቶ ገንዘቡን አይቆጥርም። ጥርሱን ያያል፣ ሰኮናውን ያነሳል፣ ትከሻውን ይዳስሳል፣ ወዲያና ወዲህ ያስነዳል፣ ከተቻለውም ጠምዶ ይሞክረዋል። ታዲያ የብዙ በሬ ዋጋ የሚያወጣ ጀልባ ሲሆን ቀለሙን ብቻ አይተን የምንገዛበት ምክንያት ምንድን ነው? ዛሬ የምናገረው በሙሉ ሲጠቃለል ይኸው ነው፤ ጀልባን እንደ በሬ መርምረን እንግዛ፣ ከገዛንም በኋላ ምን እንደሚበላ አስቀድመን እናስላ።

አልሙኒየም ለምን ይመረጣል?

ጣና ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ፣ በአማካይ 8 ሜትር፣ በጥልቁ ቦታም 14 ሜትር ገደማ ጥልቀት ያለው ሐይቅ ነው። ሰፊና ጥልቀት የሌለው ውሃ ነፋስ ሲነሳበት ፈጥኖ ይናወጣል። ማዕበሉም አጭርና ተደጋጋሚ በመሆኑ ጀልባን ይደበድባል። በዚህ ሐይቅ ላይ ለረጅም ዘመን ያገለገለችው ከደንገል የምትሠራው ታንኳ ናት። ይህን ጥበብ ጠብቀው ያቆዩልን የነገደ ወይጦ ወገኖቻችን ምስጋና ይገባቸዋል። ይሁን እንጂ ታንኳ በጥቂት ወራት ውስጥ ውሃ ጠጥታ ትከብዳለች። ብዙ መረብና ብዙ ዓሣ ይዛ ሩቅ መሄድም አትችልም። እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ በሞተር ጀልባና በዘመናዊ መረብ የሚካሄድ ዓሣ ማስገር በሐይቁ ላይ የተጀመረውም ይህንኑ ክፍተት ለመሙላት ነበር።

ዛሬ በሐይቁ ላይ የእንጨት፣ የብረትና የፋይበርግላስ ጀልባዎች ይታያሉ። አልሙኒየም እንደነዚህ ያልተለመደ ቢሆንም ትልቅ ጥቅሙ ቅለቱ ነው። 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው አንድ ካሬ ሜትር የብረት ላሜራ 23 ኪሎ ተኩል ያህል ሲመዝን፣ በተመሳሳይ ውፍረት የአልሙኒየም ላሜራ 8 ኪሎ ብቻ ይመዝናል። ጀልባው ቀላል ሲሆን ትንሽ ሞተር ይበቃዋል፣ ትንሽ ነዳጅ ይበላል፣ ጥቂት ሰዎችም ወደ ዳር ሊስቡት ይችላሉ። እንደ ብረት ቀይ ዝገት አይበላውም፣ እንደ እንጨትም አይበሰብስም።

ነገር ግን አልሙኒየም አይበላሽም ማለት አይደለም። ብልሽቱ የተሰወረ ነው እንጂ አለ። ያገለገለ ጀልባ ገዢ ማወቅ ያለበትም ይህን የተሰወረውን ነው።

ወረቀቱ ከጀልባው ይቀድማል

ያገለገለ ጀልባ የሚገኘው መሥሪያ ቤት ንብረቱን በጨረታ ሲያስወግድ፣ ፕሮጀክት ሲዘጋ ወይም የመዝናኛ ሥራ የነበረው ሰው ሥራ ሲቀይር ነው። ማንም ይሽጠው፣ የመጀመሪያው ጥያቄ «ባለቤቱ ማን ነው?» የሚል መሆን አለበት። የጉምሩክ ዲክላራሲዮኑ ይታይ። በሞተሩ አካል ላይ የተጻፈው ቁጥር ወረቀቱ ላይ ካለው ቁጥር ጋር አንድ መሆኑ ፊደል በፊደል ይመሳከር። ጀልባው የተመዘገበ ከሆነ ምዝገባው በማን ስም እንዳለ ይጠየቅ።

በተለይ ከፕሮጀክት የሚመጣ ጀልባ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከቀረጥ ነፃ የገባ ዕቃ ይህ መብት ለሌለው ወገን ሲተላለፍ የጉምሩክ ሥርዓቱን መጨረስና ቀረጡን መክፈል ግድ ይላል። ይህን ማን እንደሚከፍል በውሉ ካልተጻፈ ርካሽ የመሰለው ጀልባ በኋላ ውድ ሆኖ ይገኛል፤ ከዚያም አልፎ ማኅበሩን በሕግ ያስጠይቃል። ወረቀቱ ሳይጣራ ቀብድ መስጠት አይገባም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ አበው ነው።

በደረቅ መሬት ላይ የሚደረግ ምርመራ

ጀልባ ውሃ ላይ እንዳለ አይገዛም። ከውሃ ይውጣ፣ ጭቃውና አረንጓዴው ይታጠብ፣ ከዚያ በጠዋት ብርሃን ይታይ። ምርመራው የሚከተሉትን ነጥቦች ሊያካትት ይገባል።

አንደኛ፣ ሆዱን እንይ። የጣና ዳርቻ በብዙ ቦታ ጥቁር ድንጋይ ነው። በድንጋይ ላይ በተጎተተ ቁጥር የጀልባው አከርካሪ ይፋቃል፣ ላሜራውም ይሳሳል። እጃችንን ከፊት እስከ ኋላ እያሳለፍን ጎድጓዳ፣ እብጠትና ስንጥቅ እንፈልግ። ረጅም ቀጥ ያለ እንጨት ወይም የተወጠረ ሲባጎ ከሆዱ ሥር ብናስጠጋ ጀልባው መጉበጡን ወይም መሰርጎዱን በግልጽ ያሳየናል። ትንሽ ጉድጓድ ማዕበልን የማይፈራ ጀልባ ሊኖረው ይችላል፤ የጎበጠ ጀልባ ግን ቀጥ ብሎ አይሄድም፣ ነዳጅም ያባክናል።

ሁለተኛ፣ መጋጠሚያውን እንይ። የአልሙኒየም ጀልባ ላሜራው በሪቬት ወይም በብየዳ የተያያዘ ነው። ሪቬት ሲላላ ውሃ ያስገባል። ይህን ለማወቅ የተሻለው ዘዴ ጀልባውን ገልብጦ ከውጭ ማየት ሳይሆን፣ ከውስጡ ውሃ ጨምሮ ከውጭ የሚያንጠባጥበውን መፈለግ ነው። ሲንጠባጠብ የታየበትን ቦታ በጠመኔ ምልክት እናድርግበት። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ። 4 ሜትር ርዝመትና 1 ሜትር ከ20 ስፋት ባለው ወለል ላይ 10 ሳንቲ ሜትር ውሃ ብንጨምር ክብደቱ ወደ 480 ኪሎ ይደርሳል። ስለዚህ ጀልባው በሁለት ድንጋይ ላይ ተንጠልጥሎ ሳይሆን በአሸዋ ወይም በጎማ ላይ በደንብ ተደግፎ መሆን አለበት። ካልሆነ ምርመራው ራሱ ጀልባውን ይሰብረዋል።

የተበየደ ጀልባ ከሆነ ስንጥቁ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው በብየዳው መስመር ላይ ሳይሆን ከመስመሩ ጎን ባለው ላሜራ ነው፤ ብየዳው ሲሞቅ ያን ቦታ ስለሚያደክመው ነው። ቀድሞ የተጠገነ ቦታ ካለ በተለይ ይታይ። አልሙኒየም በአርጎን ጋዝና በሠለጠነ እጅ ይበየዳል እንጂ በየመንደሩ ባለው የብረት ብየዳ ማሽን አይሠራም። ብረት ከመቅለጡ በፊት ይቀላል፤ አልሙኒየም ግን ቀለሙን ሳይቀይር በ660 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ድንገት ይቀልጣል። እጅ ያልለመደው በያጅ ቀዳዳውን ሊደፍን ገብቶ አስፍቶት ይወጣል። በአካባቢያችን አልሙኒየም የሚበይድ ሰው ከሌለ በሪቬት የተሠራ ጀልባ ለእኛ ይሻላል፤ ምክንያቱም ላላ ያለ ሪቬት ተነቅሎ በአዲስ ሊተካ፣ ቀዳዳም በላሜራ ጥገና፣ በሪቬትና በማሸጊያ ሊዘጋ ይችላል።

ሦስተኛ፣ ነጭ ዱቄት እንፈልግ። አልሙኒየም ሲበላ እንደ ኖራ ነጭ ዱቄት ያወጣል፤ ከዱቄቱ ሥር እንደ መርፌ ቀዳዳ ያሉ ጉድጓዶች ይገኛሉ። ይህ የሚመጣው በተለይ አልሙኒየም ከመዳብ፣ ከነሐስ ወይም ከማይዝግ ብረት ጋር ተነካክቶ በእርጥበት ሲቆይ ነው። ስለዚህ በእያንዳንዱ ቡሎን ዙሪያ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ በሚያልፍበትና ውሃ በሚተኛበት ማዕዘን ሁሉ ይታይ። የመዳብ ሳንቲም ወይም ሽቦ ወለሉ ሥር ወድቆ ቢቆይ እንኳ ላሜራውን ሊበሳው ይችላል። ጀልባው በባሕር ላይ አገልግሎ ከነበረ ጨዋማው ውሃ ጉዳቱን ስለሚያባብሰው ምርመራው እጥፍ ይሁን። መዳብ ያለበት የጀልባ ቀለምም ለአልሙኒየም ጠላት ነውና ምን ቀለም እንደተቀባ እንጠይቅ።

አራተኛ፣ ሞተሩ የሚታሰርበትን የኋላ ግድግዳ እንፈትሽ። በብዙ የአልሙኒየም ጀልባዎች ይህ ግድግዳ በላሜራ የተሸፈነ ኮምፖርሳቶ ነው። ከውጭ ያማረ ሆኖ ከውስጥ እንጨቱ የበሰበሰ ሊሆን ይችላል። በትንሽ መዶሻ እንንኳኳው። ጤነኛ እንጨት ጠንካራ ድምፅ ይሰጣል፣ የበሰበሰው የታፈነ ድምፅ አለው። ከዚያም ሞተሩ እንደታሰረ አንድ ሰው የሞተሩን የታችኛውን ክፍል ይዞ ወደላይና ወደታች ያወዛውዘው፣ ሌላው ግድግዳውን ይይ። ግድግዳው አብሮ ከተላወሰ በጉዞ ላይ ሞተሩ ከነግድግዳው ሊገነጠል እንደሚችል ይታወቅ። ይህ ግድግዳ በአዲስ እንጨት ሊተካ ይችላል፤ ወጪው ግን ከዋጋው ላይ ይቀነስ።

አምስተኛ፣ ከመቀመጫውና ከወለሉ ሥር ያለውን ፎም እንይ። ይህ ፎም የተቀመጠው ጀልባው ውሃ ቢሞላበት እንኳ እንዳይሰምጥ ነው። ታንኳ ውሃ ስትጠጣ እንደምትከብድ ሁላችንም እናውቃለን። የአልሙኒየም ጀልባም እንደ ታንኳ ውሃ ይጠጣል፤ የሚጠጣው ግን ከወለሉ ሥር ተደብቆ ነው። ከዓመታት በኋላ ፎሙ ውሃ መጥጦ ጀልባውን በብዙ ኪሎ ያከብደዋል፣ በአደጋ ጊዜም ማንሳፈፉን ይተዋል። አንዱ መቀመጫ ተፈትቶ ፎሙ ይጨመቅ። ውሃ ከወጣው በሙሉ መቀየር ይኖርበታል። ጀልባውን በመኪና ሚዛን መመዘን ከተቻለና የፋብሪካው ሰሌዳ ክብደቱን የሚገልጽ ከሆነ፣ ልዩነቱ የተደበቀውን ውሃ በኪሎ ይነግረናል።

ሞተሩ ለብቻው ይመርመር

ብዙ ጊዜ ጀልባውና ሞተሩ አንድ ላይ በአንድ ዋጋ ይሸጣሉ። እኛ ግን ለየብቻ ዋጋ እናውጣላቸው። ጥሩ ጀልባ መጥፎ ሞተርን፣ አዲስ የተቀባ ሞተርም የታመመ ጀልባን ሊሸጥ ይችላልና።

ሞተር በደረቅ መሬት ያለ ውሃ አይነሳም፤ ውሃ የሚስበው ጎማ በአጭር ጊዜ ይቃጠላል። በበርሜል ውሃ ውስጥ ቆሞ ይነሳ። ሲነሳ ከጎኑ ባለች ቀዳዳ የማቀዝቀዣውን ውሃ ሳያቋርጥ መትፋት አለበት። ከተነሳ በኋላ ወደፊትም ወደኋላም ማርሽ ይግባ። የማርሽ ዘይቱ ጥቂት ተቀድቶ ይታይ፤ ቀለሙ ማኪያቶ ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል ማለት ነው። ካንዴላዎቹ ተፈትተው ይታዩ። መካኒክ በኮምፕሬሽን መለኪያ ሲሊንደሮቹን ይለካ፤ አንዱ ከሌላው ከ100 እጅ ከ10 እስከ 15 በላይ ካነሰ ውስጡ ተጎድቷል። ሻጩ ሞተሩን እኛ ከመምጣታችን በፊት አሙቆት ከጠበቀን ቀዝቅዞ እስኪነሳ እንጠብቅ። በጠዋት ቀዝቃዛ ሆኖ የሚነሳ ሞተር ነው የሚፈለገው።

እዚህ ላይ ስለ ሀገራችን ከፍታ ልብ እንበል። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ነው። አየሩ ስስ በመሆኑ ሞተር በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ ከ100 እጅ 3 ያህል ያጣል። በመሆኑም ባሕር ዳርቻ ላይ 15 የፈረስ ጉልበት የሚሰጥ ሞተር እኛ ዘንድ የሚሰጠው 12 ያህል ነው። ለባሕር ወለል የተስተካከለ ካርቡራተር እዚህ ሲመጣ ቤንዚን ያበዛል፣ ያጨሳል፣ ካንዴላ ያጠቁራል። ይህ ብልሽት አይደለም። ለከፍታው በሚስማማ መርፌና ፒቹ ባነሰ ፕሮፔለር ይስተካከላል። ይህን የሚያውቅ መካኒክ ከግዢ ቡድኑ ጋር አብሮ ይሂድ።

ከሁሉም በላይ መለዋወጫው በአገር ውስጥ የሚገኝ ሞተር ይመረጥ። መለዋወጫ የሌለው ሞተር፣ በሚገባ ቢሠራም እንኳ፣ እስከሚበላሽበት ቀን ድረስ ብቻ የተከራየነው ሞተር ነው።

በውሃ ላይ የሚደረግ ሙከራ

በደረቅ መሬት ያለፈ ጀልባ ቢያንስ ለአንድ ሰዓት በውሃ ላይ ይሞከር። ሁሉም ተሳፋሪ የሕይወት ማዳኛ ጃኬት ይልበስ፤ በሐይቅ ዳር ተወልዶ ዋና የማያውቅ ሰው ብዙ እንደሆነ አንርሳ። መጀመሪያ ባዶውን ይሞከር። ከዚያ የመረቡንና የዓሣውን ክብደት ያህል አሸዋ በጆንያ ተጭኖ ይሞከር። ባዶ ሳለ ወደ አንድ ጎን የሚያጋድል፣ ወይም ጭነት ሲይዝ ጠርዙ ለውሃው የሚቀርብ ጀልባ ለጣና ማዕበል አይሆንም። ሲመለስም ወለሉ ላይ የተጠራቀመው ውሃ ይለካ።

ከሰሜኑ ዳርቻ ያላችሁ ማኅበራት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2011 በሐይቁ መኖሩ የታወቀውን እምቦጭን አስቡ። ሥሩና ቅጠሉ በፕሮፔለር ላይ ይጠመጠማል፣ የማቀዝቀዣ ውሃ መግቢያውን ይደፍናል። ስለዚህ መቅዘፊያ የሌለው የሞተር ጀልባ ወደዚያ አይግባ።

ጀልባው በወር ምን ይበላል?

ክቡራትና ክቡራን፤ አሁን ወደ ዋናው ስሌት ልምጣ። የነዳጅ ዋጋ ስለሚለዋወጥ በብር ሳይሆን በሊትር ልናገር።

ባለ ሁለት ምት ሞተር ሙሉ ጉልበቱን ሲሰጥ፣ ባለ 40 የፈረስ ጉልበቱ በሰዓት 15 ሊትር ያህል፣ ባለ 15ቱ ደግሞ 6 ሊትር ያህል ቤንዚን ይበላል። አንድ ማኅበር በወር 24 ቀን፣ በቀን አንድ ሰዓት ተኩል ይጓዛል እንበል። በትልቁ ሞተር በወር 540 ሊትር ይሆናል። ትንሹ ሞተር ቀርፋፋ በመሆኑ ያንኑ መንገድ በእጥፍ ጊዜ፣ ማለትም በሦስት ሰዓት ቢሄድ እንኳ፣ በወር 432 ሊትር ነው። ልዩነቱ 108 ሊትር ነው፤ መንገዱን በሁለት ሰዓት ከጨረሰው ደግሞ ልዩነቱ ከ250 ሊትር ይበልጣል። ከቤንዚኑ ጋር በ50 አንድ የሚቀላቀለውን ዘይት ብንጨምር ለትልቁ ሞተር በወር 11 ሊትር ያህል ዘይት ያስፈልጋል።

ቀላል ጀልባ ገዝቶ ከባድ ሞተር መጫን የአልሙኒየሙን ጥቅም በገዛ እጅ መጣል ነው። እያንዳንዱ ማኅበር በቀን የሚፈጀውን ቤንዚን ዋጋ ለአንድ ኪሎ ዓሣ በሚያገኘው ዋጋ ያካፍልና «ይህ ጀልባ ነዳጁን ብቻ ለመመለስ በቀን ስንት ኪሎ ዓሣ ማምጣት አለበት?» ብሎ ራሱን ይጠይቅ። መልሱ አሁን ከምናገኘው ዓሣ ከበለጠ ጀልባው በነፃ ቢሰጠንም ኪሳራ ነው።

ለዚህም ነው ያለንን ገንዘብ በሙሉ ለግዢ እንዳናውል የምመክረው። ከአራት ብር አንዱ ለጥገና፣ ለመለዋወጫ፣ ለሕይወት ማዳኛ ጃኬትና ለመጀመሪያው ወር ነዳጅ ይቀመጥ። ለጨው አልባ ውሃ የሚስማማውን የማግኒዚየም ቁራጭ በጀልባው ላይ ማሰርም ከዚሁ ገንዘብ የሚሸፈን ነው። ይህ ቁራጭ በላሜራው ፈንታ ራሱ ይበላል፣ ሲያልቅ ይተካል፤ ዋጋውም ከላሜራ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው።

ግዢው የማኅበር ግዢ ይሁን

የማኅበር ንብረት በአንድ ሰው ትከሻ አይገዛም። የግዢ ቡድኑ ውስጥ ከሥራ አመራር ኮሚቴው፣ ከቁጥጥር ኮሚቴው፣ መካኒክና በጀልባው ላይ በየቀኑ የሚሳፈሩት አስጋሪዎች ይኑሩ። ዓሣውን የሚዘነጥሉና የሚሸጡ ሴቶች አባላትም ይካተቱ፤ የዓሣው ማስቀመጫ ሳጥን የት እንደሚቀመጥ፣ ዓሣው ትኩስ ሆኖ ገበያ የሚደርስበትን ሰዓት ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ሻጩን ያመጣ ወይም ከሻጩ ጋር ዝምድና ያለው አባል ይህንኑ አስታውቆ ከውሳኔው ይውጣ። የታየው ጉድለት ሁሉ በቃለ ጉባዔ ይመዝገብ፣ ክፍያውም ሙከራው ካለፈ በኋላ በባንክ ይፈጸም። ይህ ሁሉ የሚያስፈልገው ሰው ስለማይታመን አይደለም። ነገ ጀልባው ቢበላሽ አባላት እርስ በርስ እንዳይጠረጣጠሩ ነው። በጀልባ ብልሽት የፈረሰ ማኅበር የለም፤ በጀልባ ብልሽት ሰበብ በተነሳ ጥርጣሬ ግን ማኅበር ይፈርሳል።

ከግዢ በኋላም ለጀልባው አንድ ኃላፊ ይሰየምለት። ሞተሩ የሠራበት ሰዓት፣ የተቀዳው ነዳጅ፣ የመጣው ዓሣና የተደረገው ጥገና በየዕለቱ በመዝገብ ይጻፍ። በሞተሩ አጠገብ ብየዳ አይሠራ፤ የቤንዚን ትነትና የፎም ጭስ ሁለቱም ገዳይ ናቸው።

ጀልባው ዓሣ አይወልድም

በመጨረሻ የማነሳው፣ ለእኛም ለአመራር አካላትም እኩል የሚመለከተውን ነው። ጣና በዓለም ሌላ ቦታ የማይገኙ የነጭ ዓሣ ዝርያዎች መኖሪያ ነው። ከእነዚህ ብዙዎቹ በክረምት ለመራባት እንደ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭና ግልገል ዓባይ ወዳሉ ወንዞች ይወጣሉ። እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 ባሉት ዓመታት ውስጥ የእነዚህ ዓሦች ቁጥር በ75 ከመቶ ያህል መቀነሱን ተመራማሪዎች አሳይተዋል። ምክንያቱ ከባድ አይደለም። ዓሣው ለመራባት በወንዝ አፍ ሲሰበሰብ መረብ ሲጠብቀው፣ የተያዘው የዛሬው ዓሣ ብቻ ሳይሆን የከርሞውም ነው። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 የወጣውም ሀብቱ እንዲጠበቅ ነው፤ ሕግ ግን በወረቀት ላይ ብቻ ዓሣ አያስረግዝም።

ፈጣን ጀልባ በወንዝ አፍ ተጨማሪ መረብ ለመጣል ከዋለ የገዛነው የራሳችንን መጥፊያ ነው። አስጋሪውን በሰላም ለመመለስ፣ ወደ ሰፊው ውሃ ወጥቶ ቆሮሶና አምባዛ ለማስገር፣ ዓሣውንም ሳይበላሽ ለገበያ ለማድረስ ከዋለ ግን ትርፍ ነው። ከተበላሸ አሥር ኪሎ ዓሣ በበረዶ የመጣ አምስት ኪሎ ይሻላል።

ስለዚህ ለዩኒየናችን ሦስት ሐሳብ አቀርባለሁ። ማኅበራት ጀልባ ሲገዙ የሚጠሩት አንድ የጋራ መርማሪ ቡድን ይቋቋም። ማኅበራቱ ተመካክረው አንድ ዓይነት ሞተር ይምረጡ፤ መለዋወጫውም በዩኒየኑ መጋዘን ይቀመጥ። ጀልባ ለሚገዛ ማኅበር የሚሰጥ ብድር ሁሉ የምርመራ ሰነድ፣ የሕይወት ማዳኛ ጃኬትና በመራቢያ ወቅት ከወንዝ አፍ ለመራቅ የአባላት ስምምነት ያለው ይሁን። የወረዳ አመራሮቻችንን የምንጠይቀው ደግሞ አንድ ነገር ነው። ሕግ የምታስከብሩ ከሆነ ለማኅበሩም ማኅበር ላልሆነውም እኩል አስከብሩት። ሕጋዊው አስጋሪ ከወንዝ አፍ ሲርቅ ሕገ ወጡ በቦታው የሚተካ ከሆነ የሚቀጣው ሕግ አክባሪው ነው።

ወንድሞቼና እህቶቼ፤ ያገለገለ ዕቃ መግዛት የሚያሳፍር አይደለም። አቅማችን የሚፈቅደው እሱን ከሆነ አስበን፣ አይተን፣ ሞክረን እንግዛ። ሻጭ «ዛሬ ካልወሰዳችሁ ሌላ ሰው ይወስደዋል» ቢል ይውሰደው እንበል። ጀልባ ሌላ ይገኛል። ያልተመረመረ ጀልባ ይዞት የሚሄደው ሰው ግን ምትክ የለውም።